ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለነውንም ቁጠሩን

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
ለአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ
ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዝቅ ብለው የሚበሩ አነስተኛ አውሮፕላኖች እንደተነሡ ሞተራቸው ቢጠፋ በቆቦ ግራና ሸለቆ ነዋሪና በአብራሪዎቹ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ስለ መከላከል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሰሜን ወሎ ዞን፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ከግራና ነው። የገበሬ ልጅና የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የምኖረውም የማስተምረውም እዚሁ ነው። በአደባባይ መጻፌ ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ ስላልሆነ ነው። አውሮፕላኑ እንዲበር የሚፈቅደው አንዱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለሥራ የሚያሰማራው ሌላው፣ አደጋ ሲደርስ የሚመረምረው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ከሥሩ የሚኖረው ሕዝብ ግን አንድ ነው።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። አውሮፕላን አይምጣብን ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ መንጋ በራያ ቆቦ፣ በሐብሩ፣ በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላዎች ላይ ሲወርድ ሕዝቡ ያለውን ሁሉ ይዞ ወጥቷል። ሴቱ ጣሳ እየቀጠቀጠ፣ ወንዱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ተማሪው ቅጠል ይዞ እየሮጠ ከንጋት እስከ ምሽት ታግሏል። መንጋው ከአንዱ ማሳ ሲነሣ ከጎኑ ባለው ያርፍ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ብሎ ይጠብቅ የነበረው አውሮፕላን ነው። ግሪሳ ወፍም ማሽላችን ፍሬ ሲይዝ ጠብቆ ይመጣል፤ በሺዎች ሆኖ የሚያድርበትን ቦታ አግኝቶ ከአየር መርጨትን የመሰለ ፈጣን መከላከያ ገበሬው የለውም። አውሮፕላኑ ያስፈልገናል። የሚያስፈልገን በመሆኑም ነው ደኅንነቱ የሚያሳስበን።

ልላችሁ የፈለግሁት ነገር ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ሞተር ያለው አውሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ ገና ከፍታ ሳይዝ ሞተሩ ቢጠፋ፣ አብራሪው በአየር ላይ የሚመርጠው ብዙ ነገር የለውም። እሱም ሆነ ከታች ያለው ሰው መትረፍ አለመትረፋቸው በአብዛኛው የሚወሰነው አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በምድር ላይ በተደረገው ነው። ምድሩ ደግሞ የእኛ ነው። ስለዚህ በዝግጅቱ ውስጥ እኛም ቦታ ይኑረን።

ሞተር ሲጠፋ የሚሆነውን ለአንባቢ ላብራራ፤ የጥያቄዬ መሠረቱ እሱ ነውና። ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ቁልቁል አይወድቅም። ክንፉ አየር እስከያዘ ድረስ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይወርዳል። በመላው ዓለም ለበረራ ትምህርት የሚያገለግለው ሴስና 172 ነፋስ በሌለበት 1 ሜትር ሲወርድ 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ሞተሩ በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ቢጠፋ አብራሪው ከ1 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀትና ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ከዚያችም ላይ የሆነውን ለማመን የሚያጠፋቸው ሰከንዶች ይቀነሳሉ። ኬሚካል የጫነ የእርሻ አውሮፕላን ደግሞ ከዚህ ፈጥኖ ይወርዳል።

በዚያች ቅጽበት የሰው ልብ ወደ ኋላ ይላል። ከኋላ ያለው አሁን የተነሣበት የተደለደለ ሜዳ ነው። ነገር ግን ለመመለስ መዞር፣ ለመዞር ደግሞ ወደ ጎን መጋደል ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ሲጋደል ክንፉ ክብደቱን ለመሸከም ከቀድሞው የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ያን ፍጥነት የሚሰጠው ሞተር ግን ጠፍቷል። አብራሪው ከፍታ ላለማጣት ብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ካደረገ ክንፉ አየር መያዝ ያቆማል፤ አውሮፕላኑም በአንድ ወገን ተደፍቶ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከ100 ሜትር ላይ ይህን ለማቃናት ጊዜ የለም። ስለዚህ በየበረራ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ከፍታህ ዝቅተኛ ሆኖ ሞተር ከጠፋ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፣ ፍጥነትህን ጠብቅ፣ ከፊትህ ካለው መሬት የተሻለውን መርጠህ እዚያው አሳርፍ።

የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከፊት ያለው መሬት ባዶ አይደለም።

በመስከረምና በጥቅምት የግራና ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከላይ ለሚመለከተው አንድ ወጥ አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ይታየዋል፤ ለድንገተኛ ማረፊያም የሚመች ይመስላል። ውስጡ ግን ማማ አለ። አራት እንጨት ተተክሎ፣ በላዩ ርብራብ ተደርጎ የተሠራ የወፍ መጠበቂያ ነው። እዚያ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ጠጠር ተከምሯል። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ትንሽ አረፍ ይላል፤ ወደ ማታ ደግሞ ወፉ እህሉን ትቶ እስኪሄድ ድረስ ይጮኻል፣ ይወነጭፋል። ወፍ አብዝቶ የሚበላው ጧትና ወደ ማታ ነውና። ርጭትም የሚካሄደው ነፋሱ ረጋ በሚልበት ጧትና ወደ ማታ ነው። ልጁና አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ልጁ አውሮፕላን ሲያይ ከማማው ወርዶ አይሸሽም፤ እጁን ያውለበልባል። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ቢቋረጥ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው ከየት ሊያውቀው ይችላል?

ከማሽላው ሌላ ሽቦ አለ። በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ሳቢያ በየአካባቢው ለመስኖ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ፓምፖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ በምሰሶ ተዘርግቶ ነው የሚደርሳቸው። ምሰሶው ከአየር ላይ በመጠኑ ይታያል፤ ሽቦው ግን በቅርብ ካልሆነ አይታይም። አብራሪ በአዲስ ስፍራ ላይ ሲሠራ የትኛው ማሳ በሽቦ እንደታጠረ፣ የትኛው የጤፍ ማሳ ሜዳ ሆኖ ውስጡ ግን ቦይ እንደተቆፈረበት የሚነግረው የቦታው ገበሬ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ኬሚካሉ ነው። ብዙዎቹ የእርሻ አውሮፕላኖች አደጋ ሲመጣ አብራሪው ጭነቱን በሰከንዶች ውስጥ የሚያፈስበት መክፈቻ አላቸው። ማፍሰሱ ትክክል ነው፤ አውሮፕላኑ ይቀላል፣ የሚያርፍበትን የመምረጥ ዕድሉም ይሰፋል። የአብራሪው ነፍስ ከጭነቱ ትበልጣለች፤ በዚህ ላይ ማናችንም ቅር አንሰኝም። ነገር ግን የፈሰሰው ነገር ማላታይን፣ ክሎርፓይሪፎስ ወይም ለግሪሳ የሚረጨው ፌንታዮን ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የሰውን ነርቭ የሚጎዱ የአንድ ቤተሰብ መርዞች ናቸው፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባሉ። ተጎጂው ላብ ያጠምቀዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪም ቶሎ ከደረሰለት አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። ማሳው ላይ የወረደው ነገር ምን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ሐኪሙም ምን እንደሚያክም ለማወቅ ጊዜ ያጠፋል።

ሞተር ያለ ምክንያት አይጠፋም። ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ በምድር ላይ የሚገኙ ናቸው። ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ርቆ በጊዜያዊ ሜዳ ላይ ሲሠራ ነዳጅ በበርሜል ይጓዛል። በርሜል ዝናብና የሌሊት እርጥበት ይገባዋል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፤ በታንኩ ሥር ተኝቶ የቆየው ውኃ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲነሣ ወደ ሞተሩ ሊሄድ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አብራሪው በየጧቱ ከክንፉ ሥር ካለው ማንጠፍጠፊያ ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል። የተለመደው የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለበት ከሥሩ ቀለም የሌለው ሆኖ ተለይቶ ይታያል። ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ይቀዳል። ሌላው ምክንያት የነዳጅ መሳሳት ነው። ቤንዚን በሚፈልግ ሞተር ታንክ ውስጥ የጄት ነዳጅ ቢቀዳ ሞተሩ በቧንቧው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ተነሥቶ በደንብ ይሠራል፤ አውሮፕላኑ መሬት ከለቀቀ በኋላ ግን ሊጠፋ ይችላል። በርሜሉ ላይ በጉልህ ያልተጻፈ አንድ ቃል የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ከፍታችንም አያግዝም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር መጭመቂያ የሌለው ተራ ፒስተን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በቀትር ሙቀት አየሩ የበለጠ ስለሚሳሳ ክንፉም የሚያነሣው ይቀንሳል። ስለዚህ ጧት በቀላሉ የተነሣው ጭነት በስድስት ሰዓት ያስቸግራል፤ አውሮፕላኑ ሞተሩ ደህና ሆኖ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ቀስ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ሞተር ቢጠፋ መውጫ በሌለው ዝቅተኛ ከፍታ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ይህ የመምህር ስሌት ብቻ አይደለም። ክልላችን ራሱ የከፈለበት ትምህርት አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ጉልበቱን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35 መንገደኞች ሞቱ። ትልቅ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ዘመናዊ አውሮፕላን ነበር። የጣለችው በምድር ላይ የምንኖር ሁላችን የምናውቃት ርግብ ናት። በባሕር ዳር የሆነው በኮምቦልቻም ሆነ በላሊበላ፣ ወይም ለርጭት በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ሊሆን አይችልም የሚል ማስተማመኛ የለም። ወፍ ከሚሰበሰብበት እህል አጠገብ ለመሥራት የሚመጣ አውሮፕላን ከወፍ ጋር መገናኘቱ የታወቀ ነውና።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ኤርባስ 320 ከላጋርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ 850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደደረሰ ዝይዎች ሁለቱንም ሞተሮች አጠፉበት። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ወደ ማረፊያው መመለስ እንደማይችል ወስኖ ሁድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። ወፎቹ ከመቱት እስካረፈበት ድረስ የነበረው ጊዜ 208 ሰከንድ ነው። 155ቱም ሰዎች ተረፉ። መርማሪዎች ኋላ በማስመሰያ መሣሪያ ሲሞክሩት፣ ወዲያውኑ ቢዞር ምናልባት ይደርስ እንደነበር አገኙ፤ ለማሰብ የሚፈጀው 35 ሰከንድ ሲጨመርበት ግን አልደረሰም። ከዚህ ታሪክ ዘወትር የሚወራው የአብራሪው ብልሃት ነው፤ የሚገባውም ነው። ነገር ግን ወቅቱ ክረምት፣ ውኃው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነበር። ሰዎቹ የተረፉት በወንዙ ላይ የሚመላለሱ የማመላለሻ ጀልባዎች በደቂቃዎች ውስጥ ስለደረሱላቸውም ነው።

የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ካፒቴን ልዑል አባተ ያበረው የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በጠላፊዎች ተገድዶ ነዳጁ አለቀበት፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። በኮሞሮ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወረደ። ከ175ቱ 50 ሰዎች ተረፉ። መጀመሪያ የደረሱላቸው የደሴቲቱ ነዋሪዎችና በባሕሩ ዳርቻ ለመዝናናት የመጡ እንግዶች ነበሩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ አደጋው የወረደው በገበሬ ማሳ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ እውነት ይወጣል። የመጀመሪያው አዳኝ መኪናውን እያስጮኸ ከከተማ የሚመጣው ሰው አይደለም፤ እዚያው ያለው ነው። በግራና ደግሞ እዚያው ያለው ገበሬው፣ እረኛውና የማማው ልጅ ናቸው። እነሱ ካልተዘጋጁ ርዳታው በደግ ልብ ብቻ ይሆናል፤ ደግ ልብ ደግሞ መርዝ የፈሰሰበትን ልብስ በባዶ እጅ ያወልቃል፣ ነዳጅ በሚንጠባጠብበት አጠገብ ክብሪት ይጭራል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ለርጭት የሚያገለግል ሜዳ ሲመረጥ የሜዳው ርዝመትና ድልዳሌ ብቻ አይታይ። በሁለቱም ጫፍ በኩል ቢያንስ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ያለው መሬት በእግር ይዞር፤ ዙሩ ከአብራሪውና ከቦታው ገበሬዎች ጋር ይሁን። ሽቦው፣ ቦዩ፣ ጉድጓዱ፣ ቤቱ፣ ማማው በንድፍ ላይ ይስፈር። አብራሪው ሞተር ቢጠፋበት የት እንደሚያሳርፍ በእያንዳንዱ አቅጣጫ አስቀድሞ መርጦ ይነሣ። ሜዳው ከመንደር ፊት ለፊት ከሆነ ሌላ ይፈለግ።

ሁለተኛ፣ በረራ የሚካሄድበት ቀን፣ ሰዓትና አቅጣጫ ለቀበሌው ቀድሞ ይነገር። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከተነገረ ያልሰማ ቤት አይኖርም። በመነሻው መሥመር ላይ ያሉ ማማዎች በበረራው ሰዓት ባዶ ይሁኑ። ለዚያች ሰዓት እህሉን ወፍ ቢበላው ጉዳቱ የሚታገሡት ነው፤ ለልጁ ምትክ የለውም።

ሦስተኛ፣ በጊዜያዊ ሜዳ ላይ የሚሠራ ማንኛውም አውሮፕላን ነዳጁ በየጧቱ መፈተሹ፣ ዓይነቱ በበርሜሉ ላይ መጻፉና የጫነው ክብደት በዕለቱ ሙቀትና ከፍታ መሠረት መሰላቱ በመዝገብ ይያዝ። መዝገቡን የባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ አዲስ አበባ ሆኖ ሳይሆን ሜዳው ድረስ መጥቶ ይይ። ቀትር ላይ ጭነት ይቀነስ።

አራተኛ፣ በሜዳው ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ጥቂት ወጣቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች ተመርጠው የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጣቸው። ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቅረብን፣ ከአውሮፕላኑ የሚሽከረከር ፕሮፔለር መራቅን፣ እሳት ማራቅን፣ የአብራሪውን ቀበቶ መፍታትን፣ በኬሚካል የራሰ ልብስ በጓንት አውልቆ በብዙ ውኃ ማጠብን ይማሩ። ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ፣ ውኃና የእሳት ማጥፊያ ሜዳው ላይ ይኑር።

አምስተኛ፣ የሚረጨው ኬሚካል ስም በጽሑፍ ለመርሳና ለወልድያ ሆስፒታሎች ቀድሞ ይድረስ፤ አትሮፒን መኖሩም ይረጋገጥ። ጭነት ከፈሰሰ የትኛው ማሳና የትኛው ጉድጓድ እንደተነካ ለሕዝቡ በዕለቱ ይነገር፤ ከብት እንዳይጠጣ፣ እህሉ እንዳይበላ፣ ገበሬውም ካሣው እንዳይቀርበት።

ስድስተኛ፣ በኮምቦልቻና በላሊበላ ማረፊያዎች ዙሪያ ወፍ የሚጠራ ቆሻሻ፣ የሞተ ከብትና የቄራ ተረፈ ምርት እንዳይጣል ከከተሞቹ ጋር በጋራ ይሠራ። የባሕር ዳሩ መስከረም በየዓመቱ የምናስበው ትምህርት ይሁን።

ሰባተኛ፣ የምርመራ ዘገባ በአማርኛ ለሕዝብ ይውጣ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አደጋ ምርመራ ባወጣው ደንብ የመጀመሪያ ዘገባ በ30 ቀን፣ የመጨረሻው ደግሞ የሚቻል ከሆነ በ12 ወር ውስጥ እንዲወጣ ይጠይቃል፤ ዓላማውም ወንጀለኛ መፈለግ ሳይሆን አደጋው እንዳይደገም ማድረግ ነው። ይህ ደንብ የሚጠቅመው ዘገባው ሰው በማይሞትባቸው አነስተኛ አደጋዎች ላይም ሲጻፍና አደጋው የደረሰበት ገበሬ በሚያነበው ቋንቋ ሲቀርብ ነው። ሞተሩ ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ርጭቱ ወሬ አይነዛም፤ ያልተነገረው ግን የራሱን ምክንያት ይፈጥራል።

ሁለት መልሶች እንደሚሰጡኝ እገምታለሁ። አንዱ፣ “ይህን ሁሉ መንገር ሕዝቡን ያስደነግጣል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ይቃወማል” የሚል ነው። የእኛ ሰው ከድርቅ፣ ከአንበጣና ከጦርነት ጋር የኖረ ነው፤ አደጋ ሲነገረው አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሳይነገረው የሚመጣ ነው። እቅዱን አውቆ፣ ልጁን ከማማ አውርዶ፣ ሥልጠና ወስዶ የሚጠብቅ ቀበሌ የአውሮፕላኑ ባለቤት ይሆናል፤ ነዳጁንም መሣሪያውንም ይጠብቃል።

ሌላው “ገንዘብ የለም” የሚል ነው። ከጠየቅኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ሜዳ በእግር መዞር፣ በርሜል ላይ መጻፍ፣ በገበያ መንገር፣ ለሆስፒታል አንድ ደብዳቤ መጻፍ፣ ዘገባን መተርጎም የሚጠይቁት ኃላፊነት ነው። ሙያውም ከአገር አልጠፋም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ አግ ካት የሚባለውን የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ “እሸት” ብሎ የሰየመ ድርጅት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በመዲናችን ይገኛል። በቅርባችን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ የሽቦና የጉድጓድ ካርታ ለመሥራት፣ ሥልጠናውንም ለመስጠት የሚያንሱ አይደሉም።

አሁን ቃሌን ወደ ወገኖቼ፣ ወደ ግራና፣ ወደ መርሳና ወደ ሐብሩ ሕዝብ ላዙር። ከመንግሥት የምንጠይቀው እንዳለ ሁሉ ከእኛም የሚጠበቅ አለ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲበር ልጆቻችን እንዲያዩት ብለን ወደ መነሻው ሜዳ አንልቀቃቸው። ድንገት አውሮፕላን ማሳችን ላይ ቢያርፍ፣ የተጎዳ ሰው ለማውጣት ከሠለጠኑት በቀር ሁላችንም እንራቅ፤ ለፎቶ አንጋፋ። የወደቀ ቁራጭ፣ ሽቦም ይሁን ብረት፣ ለመርማሪው ምስክር ነውና ከቦታው አናንሣ፤ ለማስታወሻም ለሽያጭም ብለን ወደ ቤት አንውሰድ። የኬሚካል ዕቃ አጥበን ውኃ አንቅዳበት። የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አንጣል፤ እንቅበር። አብራሪው ደግሞ እንጀራው ሆኖ የመጣ፣ እህላችንን ለማዳን ነፍሱን የሚያስይዝ የሰው ልጅ መሆኑን አንርሳ።

ክቡራን፣ የምጠብቀው መልስ የማመስገኛ ደብዳቤ አይደለም። ከመጪው የማሽላ ማሸት በፊት ከእናንተ አንድ ባለሙያ ግራና ይምጣ። ሽቦው የት እንዳለ፣ ቦዩ የት እንደሚያልፍ፣ ማማዎቹ የት የት እንደቆሙ እናሳየዋለን። ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጦ ካርታውን ይሥራ፤ ካርታው ለአብራሪው ይሰጥ፤ ቅጂው በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ በአንድ ሸለቆ ከተጀመረ ራያ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢትና አፋርም ሊከተሉት ይችላሉ። ሞተር ምንም ቢጠነቀቁለት አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ቀን አብራሪው የሚያርፍበትን የሚያውቅ፣ ልጁ ከማሳው የራቀ፣ ጎረቤቱም የሚያደርገውን የተማረ እንዲሆን ማድረግ ግን በእጃችን ነው፤ ሥራውም ከአሁኑ ይጀመር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የግራና ነዋሪና መምህር

ግልባጭ፦
ለሰሜን ወሎ ዞን ግብርና መምሪያ
ለሐብሩ ወረዳ አስተዳደር
ለመርሳና ለወልድያ ሆስፒታሎች